«ማሰራጨት» ምንድን ነው?

ደሴ ፒያሳ ሻይ ቤት ለተቀመጠ ሰው አንድ የድምፅ መልእክት ይደርሰዋል እንበል። «እነ እገሌ ዛሬ ማታ ከኮምቦልቻ እየመጡ ነው፤ በየቤታችሁ ተዘጋጁ» ይላል። ተናጋሪው አይታወቅም። ሰውየው አዳምጦ ሳይጨርስ 300 አባላት ወዳሉት የሰፈሩ ቴሌግራም ግሩፕ ይልከዋል፤ ጎረቤት እንዲጠነቀቅ ብሎ ነው። ሕጉ «ማሰራጨት» የሚለው ይህንኑ ነው።

የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ማሰራጨትን የሚተረጉመው ንግግርን በማንኛውም መንገድ ለብዙ ሰዎች ማድረስ ብሎ ነው። ጽሑፍም፣ ምስልም፣ ድምፅም፣ ቪዲዮም ይገባበታል። ላይክ ማድረግና ታግ ማድረግ ግን ማሰራጨት እንዳልሆነ አዋጁ ራሱ ለይቶ አስቀምጧል። ብዙ ሰው ላይክ ለማድረግ ይፈራል፣ ሼርና ፎርዋርድን ግን እንደ ዋዛ ያያል፤ ሕጉ የሚይዘው ሁለተኛውን ነው።

«እኔ አልጻፍኩትም፣ እንደደረሰኝ ነው የላክሁት» የሚለው መልስ ብቻውን አያድንም፤ አዋጁ ደራሲውን ከአድራሹ አይለይም። ሐሰተኛ መረጃ ወንጀል የሚሆነው ግን ሦስት ነገር ሲሟላ ነው። ነገሩ ውሸት መሆን አለበት። ያሰራጨው ሰው ውሸት መሆኑን ያውቅ ነበር፣ ወይም ማወቅ ነበረበት። ደግሞም ሁከት፣ ግርግር ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍተኛ መሆን አለበት። ተራውን ሰው የሚያጠምደው ያ «ማወቅ ነበረበት» የሚለው ሐረግ ነው፤ እጅግ ሰፊ ነው፣ እንደ መርማሪው አመለካከትም ይለጠጣል። የጥላቻ ንግግር ግን ሆን ተብሎ መደረጉን ይጠይቃል፤ ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታን ወይም አካል ጉዳተኝነትን መሠረት አድርጎ ጥላቻን፣ መድሎን ወይም ጥቃትን ሲያነሳሳ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በሚኖርበት በወሎ፣ ሃይማኖትን የሚነካ አንድ ስድብ ስንቱን ቤት እንደሚያውክ የአገሬው ሰው አያጣውም።

ቅጣቱን በቁጥር እንየው። ሐሰተኛ መረጃ እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ፣ የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል። የማኅበራዊ ሚዲያ ገጹ ከ5,000 በላይ ተከታይ ካለው እስራቱ እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። በሐሰተኛው መረጃ ምክንያት ሁከት ከተነሳ ከ2 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ልብ በሉ፣ ቲክቶክ ላይ አንድ ቪዲዮ የሰመረለት ወጣት ሳያስበው 5,000ን ያልፋል።

መውጫ በርም አለ። እንደ ሁኔታው እውነትነቱን ለማረጋገጥ በቂ ጥረት ያደረገ ሰው አይጠየቅም። ከዜና ዘገባ ይልቅ ወደ ፖለቲካዊ አስተያየትና ትችት ያዘነበለ ንግግርም እንደዚያው ነው። ለጥላቻ ንግግርም የጥናት፣ የዜና ትንታኔ፣ የኪነ ጥበብና የሃይማኖት ትምህርት ልዩ ሁኔታዎች አሉ። ጥረት ሲባል ታዲያ ምን ማለት ነው? ኮምቦልቻ ያለ ዘመድ ጋ ደውሎ መጠየቅ፣ የምስሉን ቀን መመልከት፣ መጀመሪያ ማን እንዳለው መፈለግ። የተደወለበት ሰዓት ስልኩ ላይ ይቀራል፤ ለኋላ ማስረጃ ነው።

ውሸቱን ለማጋለጥ ብሎ የሚያጋራ ሰውም ይሳሳታል። ከምስሉ በታች «ይህ ውሸት ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ቀጣዩ ሰው ምስሉን ብቻ ወስዶ ይልካል፣ ማስተባበያው ይቀራል። ቃሉ በራሱ በምስሉ ላይ፣ ፊት ለፊት፣ በትልቁ መጻፍ አለበት። ቴሌግራም ላይ የላኪውን ስም ደብቆ መላክ ወይም ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ መለጠፍም አደገኛ ነው፤ የሌላው ቃል የራስ ቃል መስሎ ይታያል። ተሳስቶ የላከ ሰው ከሁሉም አባላት ስልክ እንዲጠፋ አድርጎ ይሰርዝና እዚያው ግሩፕ ላይ እርማት ይጻፍ። ስክሪንሾት ያነሳ ካለ መሰረዙ አይመልሰውም፣ እርማቱ ግን ይመሰክራል።

ለአንድ ሰው በግል የተላከ ነገር «ለብዙ ሰዎች» አይባልም። ዛቻ ከሆነ ግን በሌላ ሕግ፣ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ 958/2008፣ ለአንድ ሰው ብቻ ቢላክም ያስጠይቃል።

የተያዘ ሰው የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19 ይያዝ፦ የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ የማወቅ፣ ዝም የማለት፣ የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት አለው። ብዙው ጉዳት የሚደርሰው ክስ ሳይመሠረት ነው። መርማሪ «ስልኩ ይመረመራል» ብሎ የጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ሰውየው ታስሮ የሚቆይበት የምርመራ ጊዜ፣ ይጠይቃል፤ በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም፣ ግን ይደጋገማል። ችሎት ላይ መነሳት ያለበት ክርክር ቀላል ነው፦ ስልኩ በፖሊስ እጅ ነው፣ ተጠርጣሪው ቢወጣ የሚያጠፋው ማስረጃ የለም፣ ዋስትና ይፈቀድ። ቤተሰብ ለጠበቃው ይዞ የሚሄደው ደግሞ የተላከው መልእክት ከነቀኑና ከነሰዓቱ፣ የግሩፑ አባላት ብዛት፣ ከማን እንደመጣ የሚያሳየው መስመርና እርማት ተጽፎ ከሆነ እርማቱ ነው።