የጉምሩክ ኅብረት ምንድን ነው? ነገሩ ያለው አጥሩ ላይ ነው

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ስለ እንግሊዝ ሲያስረዳ ሰማሁ። «እንግሊዝ ነፃ ንግድ ስላንገፈገፋት ከአውሮፓ የጉምሩክ ኅብረት ወጣች» አለ። ቀጠለና «የእኛም አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ያው የጉምሩክ ኅብረት ነው፤ ነግ በእኔ እንበል» ብሎ ደመደመ። እዚሁ ደብረ ብርሃን ቡና ስንጠጣ ሌላ ሰው ይህንኑ ሲደግመው ዝም ማለት አቃተኝ። ሥራዬ ትራንዚተርነት ነው። ቤቴ እዚህ፣ ከጉምሩክ የማስለቅቀው ዕቃ ሞጆ ደረቅ ወደብ። ሁለቱ ቃላት ሲምታቱ ከደንበኞቼ ኪስ ገንዘብ ይወጣል።

ቀረጥ ምን እንደሆነ አላብራራም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሰው ሁሉ የጉምሩክ ኅብረት ሲባል «በአባላቱ መካከል ቀረጥ የለም» ማለት ይመስለዋል። ያማ ነፃ የንግድ ቀጣናም ውስጥ አለ። የጉምሩክ ኅብረት የሚለየው በውጪው አጥር ነው። አባላቱ በሙሉ ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ላይ አንድ ዓይነት ቀረጥ ይጥላሉ።

ብዙ ቤት ያለበትን ግቢ አስቡ። አንድ አጥር፣ አንድ በር፣ አንድ ዘበኛ። በሩን አንዴ ያለፈ ዕቃ ከቤት ቤት ቢዘዋወር ማንም አይጠይቀውም። ነፃ የንግድ ቀጣና ግን የየራሳቸው አጥር ያላቸው ጎረቤታሞች ናቸው። በመካከላቸው ትንሽ በር ከፍተዋል፤ ዋናውን በር ግን እያንዳንዱ በራሱ ዋጋ ያስከፍልበታል። ታዲያ የአንዱ ዋና በር ርካሽ ከሆነ የሩቅ ነጋዴ በዚያ ይገባና በትንሿ በር ወደ ሌላው ይሾልካል። ስለዚህ ትንሿ በር ላይ «ይህ ዕቃ እውነት የጎረቤቴ ሥሪት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ያስፈልጋል። የሥሪት ሀገር የምስክር ወረቀት የምንለው ለዚህ ነው።

ወረቀቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ኢትዮጵያ ከኮሜሳ (የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) አባል ሀገራት ለሚመጣ ዕቃ የቀረጥ ቅናሽ ትሰጣለች። አንድ ጊዜ ላኪው ወረቀቱ ላይ የተሳሳተ የታሪፍ ቁጥር ሞልቶ የደንበኛዬ ቅናሽ ቀረ። ዕቃው ያው ነው፤ ከፍለን አወጣነው። ደግሞ ቀረጥ ዜሮ ሆነ ማለት ተጨማሪ እሴት ታክስ ቀረ ማለት አይደለም። ዕቃ የምታስገቡ ሰዎች ይህን አስቀድማችሁ ቁጠሩ።

ወደ ግቢው ልመለስ። በሩ የጋራ ከሆነ ዋጋውም የሚወሰነው በጋራ ነው። አንዱ ቤት ዘመዱን ለብቻው በነፃ ላስገባ ማለት አይችልም። የአውሮፓ ኅብረት አባል ከአሜሪካ ወይም ከአውስትራሊያ ጋር ለብቻው የቀረጥ ስምምነት አይፈራረምም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1841 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከእንግሊዝ ጋር የንግድ ውል ሲያስሩ የጎረቤት ፈቃድ አልጠየቁም። ሸዋ የራሷ በር ነበራት። እንግሊዝ ግን በ1973 የአውሮፓን ማኅበር (የዛሬውን የአውሮፓ ኅብረት) ስትቀላቀል ይህን መብት ለጋራው አስረከበች።

ያኔም ዋጋ ከፍላበታለች። ቀድሞ ከኒውዚላንድ ቅቤና የበግ ሥጋ በርካሽ ታስገባ ነበር። የጋራው አጥር ደግሞ የአውሮፓን ገበሬ ለመከላከል የቆመ ነው። መንዝ በግ የሚያረባ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። የሩቅ በግ ገበያ እንዳይገባ ሲታጠር ሻጩ ደስ ይለዋል፤ ገዢው ይከፍላል።

እና ወንድሜ፣ «ነፃ ንግድ ጠልታ» የሚለው እዚህ ላይ ይፈርሳል። በ2016ቱ ሕዝበ ውሳኔ ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ብለው ከቀሰቀሱት ፖለቲከኞች ብዙዎቹ የፈለጉት የበለጠ ነፃ ንግድ ነው፤ ከዓለም ጋር በራሳችን በር እንነግድ ነው ያሉት። በዚያው ሳጥን ውስጥ ድምፁን የጨመረው በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ያለችው የሰንደርላንድ ሰው ግን ጥበቃ የሚፈልግ ነበር። ከተማው የመርከብ ግንባታውንና የከሰል ማዕድኑን አጥቷል። መኪናዎቹን ወደ አውሮፓ የሚልክ የኒሳን ፋብሪካ እያለው እንኳ 61 በመቶው «እንውጣ» አለ። አጥሩ በዝቶብናል ያለና አጥሩ አንሶናል ያለ ሰው አንድ ወረቀት ላይ ምልክት አደረጉ። ለእኔ የጉዳዩ ሥር ይህ ነው።

ስደትስ? አዎ፣ ትልቅ ቦታ ነበረው። በ2004 አሥር ሀገራት ወደ አውሮፓ ኅብረት ሲገቡ እንግሊዝ፣ አየርላንድና ስዊድን ለአዲሶቹ ሠራተኞች ወዲያው በር ከፈቱ፤ ሌሎቹ አዘገዩ። ከዚያ የ2008 የገንዘብ ቀውስ መጣ። ከ2010 ጀምሮ መንግሥት ወጪውን ቀነሰ። የሐኪም ወረፋ ሲረዝም ሰው ዓይኑን አዲስ መጪው ላይ ጣለ። ግን የሰው ዝውውር ከጉምሩክ ኅብረት የሚመጣ ነገር አይደለም። የነጠላ ገበያው ደንብ ነው፤ ይህም ዕቃ ብቻ ሳይሆን ሰውም እንደልብ የሚዘዋወርበት ሌላ ስምምነት ነው። ቱርክ ከአውሮፓ ጋር የጉምሩክ ኅብረት አላት፤ ሕዝቧ ግን እንደልቡ ገብቶ አይሠራም። ኖርዌይ ከጉምሩክ ኅብረቱ ውጭ ናት፤ ሰዎቿ ግን በነፃነት ገብተው ይሠራሉ። (የቱርክ ስምምነት ጥሬ የእርሻ ምርትን አይጨምርም። ይህን ሳልል ባልፍ የሥራ ባልደረቦቼ አይለቁኝም።)

ፖለቲካው አጭር ነው። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን በ2013 ሕዝበ ውሳኔ ቃል ገቡ። የራሳቸው ፓርቲ ተከፋፍሎ ነበር፤ ከጎን ደግሞ ሌላ ፓርቲ መራጫቸውን እየወሰደ ነው። ሰኔ 23 ቀን 2016 51.9 በመቶው «እንውጣ» አለ። ወረቀቱ ላይ የተጠየቀው ከአውሮፓ ኅብረት መቅረት ወይም መውጣት ብቻ ነበር፤ የጉምሩክ ኅብረት የሚል ቃል አልነበረበትም። የጋራውን አጥር እንለቃለን ብለው ያሳወቁት ካሜሮንን የተኩት ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ ናቸው፤ ያውም በጥር 2017፣ ድምፁ ከተሰጠ ከወራት በኋላ።

ግቢውን ለቆ የወጣው ቤት፣ እንግሊዝ፣ ግን አንድ ጓዳው ለችግር ተጋለጠ። ጓዳው ሰሜን አየርላንድ ነው፤ የእንግሊዝ አካል ሆኖ በየብስ የሚዋሰነው ግን የአውሮፓ ኅብረት አባል ከሆነችው አየርላንድ ጋር ነው። ከ1998ቱ የሰላም ስምምነት ወዲህ በሁለቱ አየርላንዶች መካከል ኬላ ማቆም ማንም አልደፈረም። ስለዚህ ፍተሻው ሰሜን አየርላንድን ከቀረው እንግሊዝ ወደሚለየው ባሕር ሄደ። ከሳሎን ወደ ጓዳ የሚያልፍ ዕቃ ወረቀት ተጠየቀ። የታህሳስ 2020 ስምምነት በእንግሊዝና በአውሮፓ ኅብረት መካከል ቀረጡን ዜሮ አድርጓል። ዜሮው ግን የሥሪት ሀገሩን ለሚያስመሰክር ዕቃ ነው። ከባንግላዴሽ ለንደን የገባ ሸሚዝ እንዳለ ወደ ፓሪስ ቢላክ ቀረጥ ይከፍላል። ጎረቤታሞች ሆነዋልና ትንሿ በር ላይ ጠያቂ ቆሟል።

የአፍሪካው ነፃ የንግድ ቀጣናም በዚህ በኩል የጎረቤታሞች ነው። ኢትዮጵያ በቻይና ዕቃ ላይ የምትጥለውን ቀረጥ ዛሬም የምትወስነው ራሷ ናት። ናይሮቢ ላይ የተጫነ የቻይና ጫማም ሞጆ ሲደርስ የቻይና ጫማ ነው።