ለኢአርፒ የሥራ ሂደትን ማዘጋጀት

ኢአርፒ የሚባለው ሶፍትዌር የአንድን ድርጅት ግዥ፣ መጋዘን፣ ሽያጭ፣ ሂሳብና የሰው ኃይል በአንድ የመረጃ ቋት ያገናኛል። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው ጋርትነር የተባለው የጥናት ድርጅት ነው። ሲስተሞቹ ግን ከስያሜው ይቀድማሉ፤ በዘርፉ ስመ ጥር የሆነው ኤስኤፒ ጀርመን ውስጥ የተመሠረተው በ1972 ነው።

ሶፍትዌሩን መግዛት ቀላሉ ነው። ጣጣው ሥራው በእውነት እንዴት እንደሚሠራ ማወቁ ላይ ነው። ግዥን እንይ። መመሪያው እንደሚለው አንድ ክፍል ይጠይቃል፣ ኃላፊ ያጸድቃል፣ ግዥ ክፍል ያዛል፣ መጋዘን ይረከባል፣ ሂሳብ ክፍል ይከፍላል። በተግባር ግን አስቸኳይ ዕቃ በስልክ ይታዘዝና ፊርማው በኋላ ይሟላል። የመጋዘኑ ሠራተኛም ጎድሎ የመጣውን በግል ደብተሩ ይይዛል። ያንን ደብተር ቀድሞ ያየው ከሌለ ሲስተሙ በተጀመረ ማግስት ጉድ ይፈላል። የትዕዛዝ ቁጥር የሌለውን ዕቃ አልቀበልም ይላል፤ የጭነት መኪናው ደጅ ተገትሮ ይውላል።

ስለዚህ ከኃላፊዎች ጋር መሰብሰብ ብቻውን አይበቃም፤ ሠራተኛው አጠገብ ቁጭ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የታየውን በሥዕል ለማስቀመጥ ቢፒኤምኤን የተባለ የምልክት ሥርዓት አለ። በእስክሪብቶ የተሳለም ቢሆን፣ ሠራተኛው አይቶት «አዎ፣ እንዲህ ነው የምንሠራው» ካለ በቂ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የቱ ይቀየር የሚለው ነው። የፎርድ ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቀሳል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን አሜሪካ ለአቅራቢዎች ሂሳብ የሚከፍሉ ሠራተኞቹ ከ500 በላይ ነበሩ። የመጀመሪያው ሐሳብ አሠራሩን አስተካክሎ በአዲስ ኮምፒውተር 20 በመቶውን መቀነስ ነበር። በኋላ ግን ማዝዳ ይህንኑ ሥራ በ5 ሰው እንደሚሠራ ታየ። የፎርድ ሠራተኞች ጊዜያቸውን የሚጨርሱት የማይገጣጠሙ ትዕዛዞችን፣ የርክክብ ሰነዶችንና ኢንቮይሶችን (የአቅራቢ የክፍያ መጠየቂያዎችን) ሲያስታርቁ ነበር። ኢንቮይሱ ቀረ። የደረሰው ዕቃ ከትዕዛዙ ጋር ከገጠመ ክፍያው ይለቀቃል። በዚህ መንገድ የሠራተኛው ቁጥር በ75 በመቶ ቀነሰ።

የሊድል ነገር ደግሞ በተቃራኒው ነው። የጀርመኑ የሱቆች ሰንሰለት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ሲሠራበት የነበረውን የኤስኤፒ ፕሮጀክት በ2018 ተወው። ወጪው ወደ 500 ሚሊዮን ዩሮ እንደደረሰ ተዘግቧል። ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ሊድል ክምችቱን በግዢ ዋጋ መያዙ ነው፤ ሲስተሙ የተሠራው ግን በመሸጫ ዋጋ እንዲይዝ ነበር። አሠራሩን አልቀይርም ስላለ ሶፍትዌሩ ለእሱ እንዲገጥም ተቆራርጦ ተሰፋ። «እኛ እኮ ልዩ ነን» የማይል ድርጅት ብዙም የለም። እውነት ልዩ የሆኑት ሥራዎች ግን ጥቂት ናቸው። ለእነሱ ማስተካከያ ቢደረግ ያዋጣል፤ ለሌላው ሲስተሙ ይዞት የመጣውን አሠራር መቀበል ይሻላል።

መረጃ ማጽዳትም አለ። አንድ አቅራቢ በሦስት አጻጻፍ ተመዝግቦ ከገባ ሦስት አቅራቢ ሆኖ ይቀራል፣ ዕዳውም ይበተናል። ይህ ሥራ አሰልቺ በመሆኑ ሁልጊዜ ለመጨረሻው ሳምንት ይተዋል። ለእያንዳንዱ ሂደት ደግሞ «እንዲህ ይሁን» ብሎ የሚወስን አንድ ባለቤት ቀድሞ መሰየም አለበት፤ አለበለዚያ ውሳኔው ለሶፍትዌር አስገቢው አማካሪ ይቀራል።