የመሪ መንከስ ምንድን ነው?

የኤቲቪ፣ ማለትም ባለ አራት ጎማው ሞተር፣ የፊት እግር (የፊት ጎማዎቹን ይዞ የሚያዞረው ክፍል) ሥራ ካለቀ በኋላ ደጋግሞ የሚሰማ ቅሬታ አለ። ቴስቲናው (የመሪ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ተጣጣፊ መገጣጠሚያ) አዲስ፣ ቦል ጆይንቱ (ጎማውን ተሸካሚ አካል ከክንዱ ጋር የሚያገናኘው ባለ ኳስ መገጣጠሚያ) አዲስ፣ ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ክንድም አዲስ ሆኖ መሪው ከድሮው ይልቅ እምቢ ይላል። ብዙ ሰው አዲስ ዕቃ ስለሆነ እየሠራ ይለቃል ብሎ ይተወዋል። አንዳንዱ በእርግጥ ይለቃል። የነከሰ መሪ ግን አይለቅም፤ እየባሰ ሄዶ ጥምዝ ላይ ተይዞ ሊቀር ስለሚችል ሳይጣራ መንዳት አይገባም።

መንከስ ማለት መዞር ያለበት አካል ከጎኑ ካለው ጋር ተጋፍቶ ወይም ተጨምቆ ነጻ እንቅስቃሴውን ሲያጣ ነው። ከመክበድ ይለያል። የከበደ መሪ ጎማው መሬት ሲነካ ብቻ ያስቸግራል፤ ፊቱን በክሪክ አንስተው ሁለቱን ጎማዎች ከመሬት ካላቀቁ በቀላሉ ይዞራል። የነከሰው አየር ላይም ያው ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ብሎን ከመፍታት በፊት ፊቱን አንስቶ፣ ከሥሩ ጠንካራ ድጋፍ አድርጎ፣ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ማዞር ይቀድማል።

አየር ላይም ከጠነከረ ችግሩን ለሦስት ከፍሎ ማየት ነው። ከመሪው እጀታ የሚወርደው ዘንግ ከታች ባለች አጭር ክንድ ሁለት የመሪ ዘንጎችን ይገፋል፤ እነሱ በቴስቲና አማካይነት ግራና ቀኝ ናክሎቹን፣ ማለትም ጎማዎቹ የሚታሰሩባቸውን አካላት፣ ያዞራሉ፤ ናክሎቹ ደግሞ በላይኛውና በታችኛው ቦል ጆይንት ላይ ይሽከረከራሉ። የውጪዎቹን ሁለት ቴስቲናዎች ከናክሉ ይፍቱ። አሁን መሪውን ብቻውን ያዙሩ። ቀጥሎ ግራውን ናክል፣ ከዚያ ቀኙን፣ ለየብቻ በእጅ ያዙሩ። የትኛው እንደነከሰ እጅ ራሱ ይናገራል። ይህ ሙከራ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ያለ እሱ ዕቃ እየገዙ መቀያየር ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

መሪው ብቻውን ከጠነከረ ወደ ላይኛው ማሰሪያ ይሂዱ። ዘንጉን የሚያቅፉት ሁለት ግማሽ የፕላስቲክ ቦኮላዎች (ዘንጉ በውስጣቸው የሚዞርባቸው ማቀፊያዎች) አሉ፤ በብዙ ሞዴሎች በማሰሪያው ብሎኖች ውስጥ ትንንሽ የብረት ቱቦዎች ይገባሉ። ሥራቸው ብሎኑ ቢጠብቅም ቦኮላው ከልክ በላይ እንዳይጨመቅ ማድረግ ነው። ሲፈታ ወድቀው ከጠፉ ዘንጉ ታንቆ ይቀራል። ቦኮላው ደርቆ ከሆነ አጽድቶ ግራሶ መቀባት ይበቃል። የፍሬን ቱቦና የጋዝ ገመድ በዘንጉ ላይ ተጠምጥመው እንደሆነም በዚሁ አጋጣሚ ይታይ፤ ዕቃ ሲገጠም በተሳሳተ በኩል ማሳለፍ ቀላል ስህተት ነው። ሞተሩ የኤሌክትሪክ መሪ አጋዥ ካለው ሶኬቱ ተመልሶ መሰካቱን ያረጋግጡ፤ ከተነቀለ አብዛኛውን ጊዜ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል።

ናክሉ ከሆነ የሚነክሰው፣ ጥያቄው ስለ ቦል ጆይንቱ ነው። አዲስ ቦል ጆይንት ጠንከር ማለቱ ጤናማ ነው፤ ዋናው ከዳር እስከ ዳር እኩል መሄዱ ነው። መሃል ላይ የሚቆረጥ፣ የሚንቋቋ ወይም አንድ ቦታ የሚቆም ከሆነ ተበላሽቷል። ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው በአገጣጠም ነው። በፕሬስ ሲገባ ኃይሉ የውጪ ቅርፊቱ ላይ ማረፍ አለበት፤ መሃሉን ከተጫኑት ኳሷ የተቀመጠችበት ይጨፈለቃል። ጠማማ ሆኖ ከገባም ያው ነው። የማቆሚያ ቀለበቱ በቦዩ ውስጥ ሙሉ በሙሉ መግባቱን በዓይን ይመልከቱ። ሌላው የሞዴል ስህተት ነው፤ ሾጣጣው ግንድ ለናክሉ ቀዳዳ ቀጭን ከሆነ ከሚገባው በላይ ሰምጦ ናክሉ ከቦል ጆይንቱ አካል ጋር ይጋፋል። አሮጌውን ሳይጥሉ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ከዚህ ያድናል።

ሁለቱም ለየብቻ ለስላሳ ሆነው ሲገጣጠሙ ብቻ ከጠነከረስ? እዚህ ላይ ቴስቲናውን መጠርጠር ነው፤ በጣም የሚዘነጋውም ይኸው ነው። ቴስቲና ወደ ጎን የሚዘነብለው በተወሰነ ልክ ብቻ ነው። በአንድ ዘንግ ላይ ያሉት ሁለት ቴስቲናዎች እንደ አገጣጠማቸው የየራሳቸው የእንቅስቃሴ ክልል መሃል ላይ መቀመጥ አለባቸው። የዘንጉ ርዝመት ተስተካክሎ ኮንትራ ዳዶው (ቴስቲናውን በዘንጉ ላይ የሚቆልፈው ዳዶ) ሲጠብቅ ቴስቲናው አብሮ ከዞረ፣ አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ አጋድሎ ይቀራል፤ ያን ጊዜ መሪው ጥግ ሳይደርስ ግንዱ ከቤቱ ከንፈር ጋር ይጋጫል። መፍትሔው ኮንትራ ዳዶውን ላላ አድርጎ፣ ቴስቲናውን በቁልፍ ይዞ አስተካክሎ፣ ሳይለቁ ማጥበቅ ነው። ከዚያ ዘንጉን በጣት ጨብጠው በራሱ ዙሪያ ወዲህ ወዲያ ሲያወዛውዙት በሁለቱም በኩል እኩል ማጋደል አለበት። በብዙ ዘንጎች አንዱ ጫፍ ጥርሱ የግራ፣ ማለትም ከተለመደው በተቃራኒ የሚጠብቅ፣ መሆኑንም አይርሱ።

አየር ላይ ቀሎ መሬት ላይ ብቻ ከከበደ ጉዳዩ ሌላ ነው። መጀመሪያ ነፋስ፦ የኤቲቪ ጎማ በብዛት የሚሞላው ከ4 እስከ 7 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ብቻ ስለሆነ፣ የ2 ፒኤስአይ ጉድለት መሪ ላይ ይሰማል፤ የመኪና መለኪያ ደግሞ ይህን ያህል ዝቅተኛ ግፊት በትክክል አያነብም። ሞተሩ አራቱንም ጎማ የሚነዳ ከሆነ የፊት ዲፈረንሻል ሎክ (ሁለቱ የፊት ጎማዎች በእኩል ፍጥነት ብቻ እንዲዞሩ የሚያስገድደው ቁልፍ) ተቆልፎ ቀርቶ ይሆናል፤ ደረቅና ጠንካራ መሬት ላይ ይህ መሪን በኃይል ይይዛል። የግራና የቀኝ ላይኛው ክንድ ተለዋውጦ ከተገጠመም የናክሉ ዝንባሌ ይቀየራል። ረዘም ያለ ክንድ ወይም ወደ ውጭ የወጣ ቸርኬ ከገባ ግን ጎማው ከሚዞርበት መስመር ስለሚርቅ መጠነኛ ክብደት የሚጠበቅ ነው።

በመጨረሻ የጎማዎቹ አቅጣጫ ይለካ። መሪውን ቀጥ አድርገው በሁለቱም ጎማ ፊት ለፊት፣ በአክሰሉ ከፍታ፣ መሃሉ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ፤ በምልክቶቹ መካከል ይለኩ። ሞተሩን ገፍተው ያው ምልክት ከኋላ ወደዚያው ከፍታ ሲደርስ ዳግም ይለኩ። ልዩነቱ ከአምራቹ መመሪያ ጋር ይመሳከራል፤ በብዙዎቹ የጥቂት ሚሊሜትር ጉዳይ ነው። እግሩ ተቀይሮ ይህ ካልተለካ የሴንቲሜትሮች ስህተት መኖሩ አያስገርምም።

አንድ ነገር ፈጽሞ አይደረግ፦ መሪው እንዲቀል ብሎ የቦል ጆይንት ወይም የቴስቲና ዳዶ ማላላት። ዳዶው በመመሪያው ልክ ይጥበቅ፤ የመቆለፊያው ሽቦ ቀዳዳ ካልገጠመ እስከሚቀጥለው የዳዶው ክፍተት ይጨመር እንጂ ወደ ኋላ አይመለስ። ሽቦውም አዲስ ይሁን።