ኧርሊ አክሰስ ምንድን ነው? ገዢውስ ለምን ይቆጣል?

አንድ ስቱዲዮ ሠርቶ ያልጨረሰውን ጌም ለሽያጭ ያወጣዋል። ተጫዋቹ ከፍሎ፣ ያለውን ያህል እየተጫወተ፣ የቀረው እስኪሠራ ይጠብቃል። ኧርሊ አክሰስ ይህ ነው። ስቱዲዮው ከሽያጩ የሚያገኘውን ገንዘብ ለቀሪው ሥራ ያውለዋል፤ የትኛው ክፍል እንደሚያስደስት፣ የትኛው እንደሚበላሽም ከተጫዋቾቹ ይሰማል። ገዢው ደግሞ ጌሙን ከሰው ቀድሞ ያገኛል፤ ብዙ ጊዜም ካለቀ በኋላ ከሚሸጥበት በረከሰ ዋጋ ይገዛዋል። በዚህ መንገድ ካልሆነ ጨርሶ የማይወለዱ ጌሞች ስላሉ ነገሩን ከነጭራሹ ማጥላላት ተገቢ አይመስለኝም። የገዢዎቹን ቁጣ ግን «ያላለቀ መሆኑን አውቃችሁ ነው የገዛችሁት» ብሎ ማጣጣል በደል ነው።

መንገዱን በሰፊው ያሳየው ማይንክራፍት የተባለው ጌም ነው። ከ2009 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ገና እየተሠራ ሲሸጥ ቆይቶ አለቀ የተባለው በኖቬምበር 2011 ነው። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ይህንኑ በማርች 2013 ስቲም በተባለው የኢንተርኔት የጌም መደብሩ ላይ መደበኛ አሠራር አደረገው። የጀመረው በ12 ጌሞች ነበር።

ከ12ቱ አንዱ ከርባል ስፔስ ፕሮግራም ይባላል። የኧርሊ አክሰስን መልካሙንም ክፉውንም ለማሳየት ከዚህ ስም የተሻለ አላውቅም፤ የመጀመሪያው ጌም የመንገዱ ኩራት፣ ሁለተኛው ደግሞ ቁስሉ ሆኗልና።

የመጀመሪያውን የሠራው ሜክሲኮ ሲቲ የሚገኝ ስኳድ የተባለ ድርጅት ነው፤ ዋና ሥራውም ማርኬቲንግ እንጂ ጌም አልነበረም። ተጫዋቹ ሮኬት ይገጣጥማል፣ አረንጓዴ ትንንሽ ጠፈርተኞችን ያሳፍራል፣ ያስወነጭፋል። ስበቱም ምሕዋሩም የነዳጁም ክብደት የእውነተኛውን ፊዚክስ ስለሚከተል ጨረቃ ላይ ማረፍ በጨዋታው ውስጥም ቀልድ አይደለም። በ2011 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ሲለቀቅ ጨረቃ እንኳ አልነበረውም። ቆይቶ ጨረቃዋ መጣች፣ ሌሎች ፕላኔቶች ተከተሉ፣ ሳይንስ የመሰብሰቡ ክፍል ተጨመረ። በኤፕሪል 2015 ለ1.0፣ ማለትም አለቀ ለሚባልበት ስሪት፣ ሲበቃ ቀድሞ የከፈለ ሁሉ በጥቂት ገንዘብ ትልቅ ነገር በእጁ ገብቶ ነበር።

ሁለተኛው ክፍል በኦገስት 2019 ሲታወጅ በ2020 ይወጣል ተባለ። በመካከሉ የጌሙ ባለቤት የነበረው አሳታሚ ቴክ ቱ ሥራውን ከጀመረው ስቱዲዮ ወስዶ ኢንተርሴፕት ጌምስ ለተባለ አዲስ የራሱ ስቱዲዮ ሰጠው። ቀኑ ተራዘመ፣ እንደገና ተራዘመ፣ በመጨረሻ በፌብሩዋሪ 24 ቀን 2023 በኧርሊ አክሰስ ወጣ። ዋጋው 49 ዶላር ከ99 ሳንቲም። ከኪሱ እያወጣ በጓዳው የሚሠራ ወጣት አልነበረም ያወጣው፤ ከጀርባው የነበረው በዓለም ላይ ካሉት ትልልቅ የጌም አሳታሚዎች አንዱ ነው።

የዚያን ሰሞን የገዛ ሰው ምን ገጠመው? የሚመከረው የግራፊክስ ካርድ አርቲኤክስ 3080 ነበር፤ ብዙ ሰው በእጁ የሌለው ውድ ካርድ። ካርዱ ያለው ሰውም ቢሆን ጨዋታው ይንቀራፈፍበት ነበር። ረጅም ሮኬት ሠርቶ ወደ ማስወንጨፊያው ሲያወጣው የተጋጠሙት ክፍሎች ይላላሉ፤ ሮኬቱ ወገቡ ላይ ይታጠፋል፣ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፣ ይሰበራል። እንደምንም ምሕዋር ውስጥ ያስገባት መንኮራኩር ሞተሯ ጠፍቶ ሳለ ምሕዋሯ በራሱ ጊዜ ይቀየራል። አቅጣጫውን የሚያሳየው መስመር ከስክሪኑ ላይ ይጠፋል። ወደ ከባቢ አየር ሲመለሱ የሚያቃጥለው ሙቀት ገና አልተሠራም፤ ሳይንስ መሰብሰብም የለም። ሁለቱም በመጀመሪያው ጌም ውስጥ የቆዩ ነገሮች ናቸው። ገዢው ከቀድሞው ያነሰ ጌም ከቀድሞው በበለጠ ዋጋ ገዛ ማለት ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ገዛ? አብሮት የቀረበ ሮድማፕ፣ ወደፊት ምን በምን ቅደም ተከተል እንደሚጨመር የሚያሳይ ዕቅድ፣ ስለነበረ ነው። መጀመሪያ ሳይንስ፣ ቀጥሎ በሌሎች ፕላኔቶች ላይ ሰፈራ፣ ከዚያ ወደ ሌሎች ከዋክብት ጉዞ፣ ከዚያ አሰሳ፣ በመጨረሻም ከጓደኛ ጋር አብሮ መጫወት። ሰው የገዛው እነዚህን አምስቱን ነው። የመጣው አንዱ ብቻ ሆነ፤ ሳይንሱ፣ በዲሴምበር 2023። መወዛወዙም ያን ጊዜ በአብዛኛው ተስተካከለ፤ የገዢዎቹ አስተያየት ለሰለሰ፤ ትተውት የነበሩ ሰዎች ተመለሱ። በኤፕሪል 2024 መጨረሻ ገደማ ግን ኢንተርሴፕት በሚገኝበት ሲያትል ውስጥ 70 ያህል የቴክ ቱ ሠራተኞች እንደሚሰናበቱ አሠሪ በሕግ ከሚያስገባው ማስታወቂያ ታወቀ። በጁን አንድ የመጨረሻ ፓች (ትንሽ ማስተካከያ) ወጣ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አዲስ አፕዴት አልመጣም። ጌሙ ግን በዚያው ሙሉ ዋጋ፣ በዚያው የኧርሊ አክሰስ ምልክት መሸጡን ቀጠለ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ይኼ የመጨረሻው ነው፤ ሥራው እንደቆመ የሚያውቅ ሻጭ ሥራው እንደቀጠለ አድርጎ መሸጥ የለበትም።

ቁጣው ከባግ (ከፕሮግራሙ ስህተት) የሚመጣ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። ያላለቀ ጌም የሚገዛ ሰው ባግ እንደሚገጥመው ያውቃል። እንዲያውም ምን እያደረገ ሳለ እንደተበላሸበት ዘርዝሮ፣ ስክሪኑን ቀርጾ፣ ያለ ክፍያ ለስቱዲዮው የሚልከው እሱ ነው። ከዚህ የበለጠ ታጋሽ ደንበኛ ከየት ይመጣል? የሚቆጣው የከፈለበት ተስፋ ተጠያቂ እንደሌለው የገባው ቀን ነው። ሕንፃው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሳለ ለአፓርታማ ቅድመ ክፍያ የከፈለ ሰው ቢያንስ ውል አለው፤ ውሉ ላይ የርክክብ ቀን ተጽፏል፤ ቢዘገይበት ይዞት የሚከራከርበት ወረቀት ነው። የኧርሊ አክሰስ ገዢ በስቲም ገጽ ላይ የሚያነበው ግን ጌሙ እንዳላለቀ፣ ወደፊት ሊለወጥም ላይለወጥም እንደሚችል፣ አሁን ባለበት ሁኔታ ካልማረከው ቢጠብቅ እንደሚሻል ነው። አንዳንድ ስቱዲዮዎች ሳይጨርሱ ሊቀሩ እንደሚችሉም ቫልቭ በግልጽ ጽፏል። በደንቡ መሠረት የተሸጠው ዛሬ ያለው ነው፤ ማስታወቂያውና ሮድማፑ የሚሸጡት ደግሞ ነገ የሚመጣውን። ጠቡ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ መሐል ነው።

ስቱዲዮዎችስ ለምን ያቋርጣሉ? ብዙውን ጊዜ ነገሩ ያለው ገንዘቡ በሚመጣበት ሁኔታ ላይ ነው። ሽያጩ የሚጎርፈው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ጌሙን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ያኔ ገዝቶ ይጨርሳል። ከገቢው በተለምዶ 30 በመቶውን ስቲም ያስቀራል፤ ከቀሪው ላይ ለዓመታት ደመወዝ መከፈል አለበት። በሦስተኛው ዓመት የሚጨመረው ሥራ አዲስ ገዢ እምብዛም አያመጣም፤ ቀድሞ የገዛውም ዳግመኛ አይከፍልም። እንዲህ ሲሆን አሮጌውን ከመጨረስ ይልቅ አዲስ መጀመር የሚያዋጣበት ቀን ይመጣል። ቫልቭም ለስቱዲዮዎች በሚሰጠው መመሪያ ከሽያጩ ጥቂት ወይም ምንም ባታገኙ ሥራውን መቀጠል የማትችሉ ከሆነ በዚህ መንገድ አትምጡ ይላል። መመሪያውን የሚያስፈጽም ክንድ ግን አላየሁም።

ደብል ፋይን የተባለው ስቱዲዮ ስፔስቤዝ ዲኤፍ 9ን በኦክቶበር 2013 አውጥቶ ገቢው ወጪውን መሸፈን ሲያቅተው ከታቀደው ብዙው ሳይገባ በዓመቱ 1.0 ብሎ ዘጋው። ገዢዎቹ በጣም ተቆጡ፤ ቢቆጡም እውነት አላቸው። ሆኖም ስቱዲዮው ምክንያቱን ተናገረ፤ ኮዱንም ተጫዋቾቹ ራሳቸው እንዲቀጥሉበት ከፈተላቸው። ከዝምታ ይህ እጅግ ይሻላል።

ገንዘብ ስለሞላም ነገሩ አይቃናም። ዴይዚ የተባለው የዞምቢ ጌም በዲሴምበር 2013 ሲወጣ፣ ኧርሊ አክሰስ ምን እንደሆነ በትክክል ካልገባችሁ አትግዙ ብሎ ስቱዲዮው ራሱ ገጹ ላይ አስጠንቅቆ ነበር። በአንድ ወር ገደማ ግን 1 ሚሊዮን ሰው ገዛው። ዞምቢዎቹ ግድግዳ ሰንጥቀው ያልፉ የነበረው ያን ጊዜ ነው። 1.0 የመጣው በዲሴምበር 2018፣ ልክ አምስት ዓመት ቆይቶ። አርክ የተባለው ጌም ደግሞ ዋናው ክፍል ሳያልቅ በሴፕቴምበር 2016 ለብቻው የሚከፈልበት ተጨማሪ ክፍል ለሽያጭ አቀረበ፤ የተነሳበት ተቃውሞ የሚገባው ነበር።

ቫልሃይም በተባለው ጌም ላይ የተነሳውን ማጉረምረም ግን ብዙም አልቀበለውም። አምስት ስዊድናውያን በፌብሩዋሪ 2021 አወጡት፤ በአንድ ወር ገደማ 5 ሚሊዮን ተሸጠ። ለዚያው ዓመት አራት ትልልቅ አፕዴቶች ቃል ገብተው ያደረሱት አንዱን ነው፤ ሚስትላንድስ የተባለው በዲሴምበር 2022 ነው የመጣው። ቃሉ መገባት አልነበረበትም። ነገር ግን በ20 ዶላር የተገዛው ጌም በመጀመሪያው ቀንም ብዙ ሳምንት የሚያጫውት ነበር፤ የዘገየው ተጨማሪው ነው።

ላሪያን የተባለው ስቱዲዮ ባልደርስ ጌት 3 የተባለውን ጌም በኦክቶበር 2020 ሲያወጣ 60 ዶላር አስከፍሎ የሰጠው የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ ነበር። ይህንንም ከመሸጡ በፊት ተናገረ፤ አፕዴት ሲመጣ ሴቭ ያደረጋችሁት ሊጠፋ ይችላልም አለ። ወደ ሦስት ዓመት ገደማ ከሠራበት በኋላ በኦገስት 2023 ሙሉውን አወጣ፤ በዚያው ዓመት ጌም አዋርድስ በተባለው የሽልማት ዝግጅት የዓመቱ ምርጥ ጌም ተባለ። ዋጋው ከከርባል 2 ይበልጥ ነበር፤ ያም ጌም ያላለቀ ነበር። ገዢው ግን ምን እንደገዛ ያውቅ ነበር።

ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ ሮድማፑን ተዉትና የአፕዴቶቹን ታሪክ ተመልከቱ፤ የመጨረሻው መቼ ነው? ከፌብሩዋሪ 2025 ወዲህ ስቲም ራሱ ከዓመት በላይ አፕዴት ያላገኙ የኧርሊ አክሰስ ጌሞች ገጽ ላይ ይህንኑ የሚያሳውቅ ማስታወሻ ይለጥፋል። በጎ ሥራ ነው፣ ዘገየ እንጂ። የገዢዎችን አስተያየት ስታነቡም የቅርቡን ለይታችሁ አንብቡ።

ገንዘብ ማስመለስን በተመለከተ፣ የስቲም ደንብ በተገዛ በ14 ቀን ውስጥና ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወታችሁ ያለ ጥያቄ ይመልሳል፤ ለኧርሊ አክሰስም ይሠራል። እንደ ከርባል ባለ ጌም ግን 2 ሰዓት ሮኬቱን በመገጣጠም ብቻ ያልቃል፤ ችግሩ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የተዘጋጀ ሮኬት አስወንጭፉ፣ ኮምፒዩተራችሁ መቻሉን እዩ፣ ከዚያ ወደ ግንባታው ሂዱ። እዚህ አገር ላላችሁና ውጭ ያለ ዘመድ ጌሙን በስጦታ ለላከላችሁም ደንቡ ያው ነው፤ ጥያቄውን የምታቀርቡት እናንተ ተቀባዮቹ ናችሁ፣ ገንዘቡ የሚመለሰው ግን ለከፈለው ሰው ነው።