ፈረንሳይኛ፦ «ቱ» መቼ፣ «ቩ» መቼ?

«ቱ» አንተም አንቺም ነው፤ ጾታ አይለይም። «ቩ» ደግሞ እርስዎም እናንተም ይሆናል። የእኛን ሰው የሚያሳስተው ዕድሜ ነው። ዛሬ በአብዛኛው የፈረንሳይ ቤት አያትም «ቱ» ይባላሉ፤ «ቩ» ቢሏቸው የተኳረፋችሁ ይመስላል። የማያውቁትን ሻጭ ግን፣ ሃያ ዓመት እንኳ ባይሞላው፣ «ቩ» ነው የሚሉት።

ወደ «ቱ» መሻገሩን ብዙ ጊዜ በዕድሜ ወይም በሥልጣን የሚበልጠው ይጀምራል፦ «ኦን ፑ ስ ቱቷዬ?» («ቱ» ብንባባልስ?) ብሎ። ከዚያ ወዲያ «ሲል ቩ ፕሌ»ም (እባክዎ) «ሲል ት ፕሌ» (እባክህ፣ እባክሽ) መሆን አለበት፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህችን ነው።

በ«ቩ» ግሱ ምንጊዜም የብዙ ቁጥር ነው። ቅጽሉ ግን ሰውየውን ይከተላል፤ ለአንዲት ሴት «ቩዜት ኮንታንት» (ደስ ብሎዎታል) ሲባል «ኮንታንት» በነጠላ፣ በሴት ጾታ ይጻፋል። «እሳቸው» የሚባል ነገር የለም፤ ፕሬዚዳንቱም «ኢል» (እሱ) ናቸው።