በርድ ስትራይክ ምንድን ነው? ወፍና አውሮፕላን ሲገናኙ

አውሮፕላን ሲነሳ፣ ሲበር ወይም ሲያርፍ ከወፍ ጋር ከተጋጨ የአቪዬሽን ሰዎች «በርድ ስትራይክ» ይሉታል። በጣም የተለመደ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ ብቻ አውሮፕላኖች ከወፍና ከሌሎች የዱር እንስሳት ጋር ከ19 ሺህ ጊዜ በላይ መጋጨታቸው ተመዝግቧል። አብዛኛውን ጊዜ መንገደኛው ነገሩን ሳያውቀው ቡናውን ጠጥቶ አገሩ ይገባል። መካኒኩ በኋላ ሲፈትሽ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ ደምና ላባ ያገኛል። ጉዳት እንደሌለ ያረጋግጣል፣ ያጥበዋል፣ ይመዘግበዋል። በቃ።

ታዲያ ያቺ ሚጢጢ ወፍ መቼ ነው ገዳይ የምትሆነው?

መጀመሪያ ፍጥነቱን እናስብ። የአውሮፕላኑ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የምቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ወፏ ቀላል መሆኗ ብዙም አያጽናናም። ቀጥሎ ደግሞ የምትመታው ቦታ ይወስናል። ክንፍ ላይ ከሆነ ሊያጎብጠው ይችላል። የአብራሪው መስታወት ግን ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነው። ፋብሪካዎች የሞተ ዶሮ በአየር ግፊት መድፍ እየተኮሱ ይፈትኑታል። ቀልድ ይመስላል እንጂ እውነት ነው።

ዋናው ጉዳይ ሞተሩ ነው። የጄት ሞተር አየር ስቦ፣ ጨምቆ፣ ከነዳጅ ጋር አቃጥሎ ወደ ኋላ ይተፋል። ፊቱ ላይ እንደ ቬንትሌተር የሚሽከረከሩት ትልልቅ ምላጮች አንዲት ወፍ ሲያገኙ ብዙ ጊዜ ከትፈው በዳር በኩል ያስወጧታል። ክፉው ወደ መሀል፣ አየሩ ወደሚጨመቅበት ክፍል ስትገባ ነው። እዚያ ያሉት ምላጮች ትንንሽ ናቸው። አንዱ ሲሰበር ስባሪው ከኋላው ያለውን ይመታል፣ የአየሩ ፍሰት ይዛባል፣ ሞተሩም «ዷ! ዷ!» እያለ እሳት ይተፋል። መንገደኞቹ የተቀመጡበት ክፍል ውስጥ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል።

ይህም ሆኖ አንድ ሞተር ቢጠፋ አውሮፕላኑ አይወድቅም። ባለ ሁለት ሞተሩ በአንዱ መውጣትም ማረፍም ይችላል፤ አብራሪዎች ሲሙሌተር በሚባለው መሬት ላይ ባለ የበረራ መለማመጃ ደጋግመው የሚለማመዱት ይህንኑ ነው። የሚያስፈራው መንጋ ነው። መንጋ ሁለቱንም ሞተር ባንድ ጊዜ ያገኛል። ያውም ወፎች የሚበዙት ከመሬት ብዙም ሳይርቁ ነው፤ አውሮፕላኑ ገና ሲነሳ ወይም ሊያርፍ ሲል፣ አብራሪው ማሰቢያ ጊዜ በሌለው ሰዓት።

ባሕር ዳር ላይ የሆነውም ይኸው ነበር። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. አንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ለመብረር ተነሳ። 98 መንገደኞችና 6 የበረራ ሠራተኞች ነበሩበት። አውሮፕላኑ አዲስ ነበር፤ የተሠራ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ሲነሳ የእርግብ መንጋ ውስጥ ገባ። ክንፏ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ያላት፣ ቤት ጣሪያ ላይ ስትጮህ የምንሰማት ያቺው እርግብ ናት፤ ክብደቷ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። እርግቦቹ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አንዱ ሞተር ወዲያው ጉልበት አጣ። አብራሪዎቹ ወደ ኤርፖርቱ ለመመለስ ሲዞሩ ሁለተኛውም ከዳቸው። ጎማ ሳይዘረጋ ሜዳ ላይ በሆዱ አረፈ፣ እሳትም ተነሳ። 35 ሰዎች ሞቱ፤ 69 ተረፉ።

ይህ አደጋ እኛ ዘንድ ብዙም አይወራም። ሰው ሁሉ የሚያውቀው የኒው ዮርኩን ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2009 ከላጓርዲያ ኤርፖርት የተነሳ ኤርባስ A320 አውሮፕላን ወደ 850 ሜትር ከፍታ ላይ ከካናዳ ዝይ መንጋ ጋር ተላተመ። ሁለቱም ሞተሮች ጉልበት አጡ። ካፒቴን ሱለንበርገር ሃድሰን ወንዝ ላይ አሳረፈውና 155ቱም ሰዎች ተረፉ። የባሕር ዳሮቹ አብራሪዎችም የገጠማቸው ያው መከራ ነበር፤ እነሱ ግን ከሥራቸው ያገኙት ውሃ ሳይሆን ደረቅ መሬት ነው።

ከኒው ዮርኩ አደጋ በኋላ የተሠራው ምርመራ ይገርማል። ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን ተቋም የላባ መለያ ላቦራቶሪ አለ። ከሞተር ውስጥ የተጠረገ ቁራጭ ይላክለታል። ባለሙያዎቹ ላባውን አጥበው፣ አድርቀው፣ ሙዚየሙ ውስጥ ካሉት የወፍ ናሙናዎች ጋር ያስተያያሉ። ዲ ኤን ኤም ይመረምራሉ። የሃድሰኖቹ ዝይዎች የከተማው ነዋሪዎች ሳይሆኑ ከካናዳ የመጡ ስደተኞች መሆናቸውን የለዩት በላባቸው ነው። «ምን ያደርጋል?» ለሚል ሰው መልሱ ቀላል ነው። የትኛው ወፍ እንደሆነ ካላወቅህ ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚያድር፣ በምን እንደምታርቀው አታውቅም።

ስለዚህ ጉዳይ ሲነሳ ሁልጊዜ የምሰማው ጥያቄ አለ። ለምን ሞተሩ ፊት ላይ ወንፊት አይደረግም? ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ፍጥነት የሚመጣን ወፍ የሚያቆም ወንፊት በጣም ወፍራምና ከባድ መሆን አለበት። አየሩን ያግዳል። ደመና ውስጥ በረዶ ይይዝና ሞተሩን ያንቀዋል። ከተሰበረ ደግሞ ብረቱ ራሱ ሞተር ውስጥ ይገባል፤ ከላባ ብረት ይከፋል።

እውነተኛው መከላከያ መሬት ላይ ነው፤ ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ወፍ ኤርፖርት የምትመጣው ምግብ፣ ውሃ ወይም ማረፊያ ፍለጋ ነው። ስለዚህ ሣሩ በልክ ይታጨዳል፣ ውሃ የሚያቁር ጉድጓድ ይደፈናል፣ ድምፅ የሚያሰማ የጋዝ መድፍ ይተኮሳል። አንዳንድ አገር የሠለጠነ ጭልፊትና ውሻ ያሰማራሉ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የቆሻሻ መጣያ ከኤርፖርት በ13 ኪሎ ሜትር እንዲርቅ ይመክራል። ከተማ እየሰፋ ሲሄድ ይህችን ምክር ማክበር ቀላል አይደለም። ቄራና የሥጋ ተረፈ ምርት ያለበት ሰማይ ላይ ጭላትና ጥንብ አንሳ አይጠፋም። ጥንብ አንሳ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 አቢጃን አካባቢ 11 ሺህ ሜትር ያለፈ ከፍታ ላይ አንዱ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። ዝርያው በእኛም ደጋ ይኖራል።

አደጋ ሲደርስ ግን ሁሉንም ወፍ ላይ ማላከክ ልክ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 29 ቀን 2024 ደቡብ ኮሪያ፣ ሙዋን ኤርፖርት ላይ የጄጁ ኤር አውሮፕላን በሆዱ ሲያርፍ ከማኮብኮቢያው አልፎ ሄዶ ተቃጠለ። ከ181 ሰዎች የተረፉት ሁለት ናቸው። ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ የዳክዬ ቅሪት ተገኝቷል። አውሮፕላኑን የሰባበረው ግን ከማኮብኮቢያው ጫፍ ወዲያ አንቴና የተሸከመው የኮንክሪት ግንብ ነው።

በመጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የቢሾፍቱ አደጋም ላይ ወፍ ክርክር አስነስታለች። የአሜሪካ መርማሪዎች የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከሚመጣበት አየር አንጻር ምን ያህል ቀና እንዳለ የሚለካው ሴንሰር የተበላሸው ወፍ መትታው ሳይሆን አይቀርም አሉ። የኢትዮጵያ መርማሪዎች ግን የወፍ ምልክት አለመገኘቱን ጠቅሰው ችግሩ የኤሌክትሪክ ነው ብለዋል። ለእኔ ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ኤምካስ የተባለው የቦይንግ 737 ማክስ ሥርዓት በአንድ ሴንሰር ብቻ ተመርቶ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች መግፋቱ ነው። ሴንሰሩን ያበላሸው ወፍም ይሁን ሽቦ፣ 157 ሰዎች የተሳፈሩበትን አውሮፕላን በአንድ ሴንሰር ቃል ብቻ ወደ መሬት እንዲያወርድ አድርጎ የሠራው ሰው ነው።