ቴራፒስቷ «አሁን የት ነዎት?» የምትለው ለምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ በቪዲዮ ቴራፒ (የሥነ ልቦና ሕክምና) የጀመረ ሰው ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። ገና ሰላምታው ሳያልቅ «አሁን የት ነዎት?» ይባላል። ብዙ ወገኖቻችን ይደነግጣሉ። «ለኢሚግሬሽን ልትነግርብኝ ነው እንዴ?» የሚልም አለ። ጥያቄው ከዚያ ጋር አይገናኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቴራፒ ፈቃድ የሚሰጠው በየግዛቱ ነው። በመሠረቱ ሕጉ የሚያየው እርስዎ በዚያች ሰዓት ያሉበትን ቦታ ነው፤ መታወቂያዎ ላይ ያለውን አድራሻ አይደለም። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የኡበር ሹፌር እንውሰድ። ቴራፒስቷ ያላት የሜሪላንድ ፈቃድ ብቻ ነው። እሱ ድልድዩን ተሻግሮ፣ አሌክሳንድሪያ መኪናውን ጥግ አስይዞ ቢደውል ቨርጂኒያ ገብቷል። ቀጠሮው ሊሰረዝ ይችላል።

ሳይፓክት (PSYPACT) የሚባል፣ ሌላ ግዛት ያለን ሰው በቪዲዮ ማከም የሚፈቅድ የግዛቶች ስምምነት ይህን አቅልሎታል። ከ40 በላይ ግዛቶች ገብተውበታል፤ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲም አሉበት። ግን የሚሠራው በስምምነቱ ለተፈቀደላቸው ሳይኮሎጂስቶች ብቻ ነው። ቴራፒስቷ ሶሻል ወርከር ከሆነች አይሸፍናትም።

ያሉበትን አድራሻ ማወቋ ሌላም ጥቅም አለው፤ ለእኔ ትልቁ እሱ ነው። በወሬ መሃል ራስን የመጉዳት ሐሳብ ቢያይል፣ እርዳታ የሚላከው እዚያው ነው። ስለዚህ ሳይሸሽጉ ትክክለኛውን ይንገሯት። ከግዛቱ የሚወጡ ከሆነም ቀደም ብለው ያሳውቋት።